ሰው ለክብደት

“ጠጥቶ ነበር በል፤ ነገሩ አለቀ። በኅዳር፣ በዚህ ሁሉ አዝመራ፣ ጠላ ሳይቀምስ የሚውል ማን አለ? አፉን ሄዶ ያሸተተው የለ!”

ካሰች ይህን የሰማችው ጓዳ ቁጭ ብላ ከሩዝ ላይ ጠጠር ስትለቅም ነው። ጓዳውን ከሳሎኑ የሚለየው አበባ የታተመበት መጋረጃ ብቻ ነውና እንኳን የሰው ድምፅ የብርጭቆ መቀመጥም ይሰማል። ተናጋሪው አጎቷ አያ ገሰሰ ናቸው። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በዚሁ ግቢ ለዕርቅ ከሚቀመጡት ሦስት ሽማግሌዎች አንዱ እሳቸው ናቸው፤ ከሌሎቹ ቀድመው በጠዋት የመጡት ቁርስ ለመቅመስ መስሏት ነበር። የሚመክሩት ታናሽ ወንድሟን ይሄይስን ነው። እሱም “እሺ” አለ። ዝም ቢል እንኳ አንድ ነገር ነው። “እሺ፣ እንደሱ እላለሁ” አለ፣ ሱቅ ሂድ እንደተባለ ልጅ። ካሰች የለቀመችውን ጠጠር መልሳ ሩዙ ውስጥ እንደደፋችው ያወቀችው ከደፋችው በኋላ ነው።

ካሰች የሩዝ መውቂያ ማሽን አላት፤ በሁለት ጎማ የሚሄድ፣ ከፊቱ ረጅም የብረት ዘንግ ያለው። ያን ዘንግ የአገሩ ሰው ሞፈር ይለዋል፤ ማሽኑ የሚጎተተው በእሱ ነውና። ባሏ ከሞተ ወዲህ ማሽኑን ይዞ በየአውድማው የሚዞረው እንግዳው የሚባል ሰው ነው። ባለፈው ሰኞ ማሽኑ ከወረታ ወደ ርብ ዳር መሄድ ነበረበት። ሲጎትተው የኖረው ትራክተር ሞተሩ ፈርሶ ስለቆመ ይሄይስ “እኔ በመኪናዬ እወስደዋለሁ” አለ። መኪናው ከባሕር ዳር ያመጣት ረጅም የፊልድ መኪና ናት፤ ሰው እርካብ እንደሚረግጥ ረግጦ የሚወጣባት። መንገድ ላይ እንግዳው ከሞፈሩ ወደቀና የማሽኑ ጎማ ቅልጥሙን ሰብሮት አለፈ። እንግዳው “ማሽኑ አፍንጫውን ወደ ሰማይ እያነሳ ሲያስቸግረው፣ ለክብደት ቁጭ በልበት ያለኝ ይሄይስ ነው” ይላል። ይሄይስ “ማሽኑ ልክ ሆኖ ነው የሄደው። ማን ውጣ አለው? ሳላየው ዘሎ ተቀምጦ ነው” ይላል። ሦስተኛ ሰው አልነበረም፤ ካሰችም ያን ጊዜ አውድማው ላይ ሆና መንገድ መንገዱን ስታይ ነበር። አሁን ሽማግሌዎቹ ሰክሮ ነበር ካሉ እንግዳው እግሩን ብቻ አይደለም የሚያጣው። ያ ሁሉ ቀበቶ የሚሽከረከርበት ማሽን ላይ ሰካራም የሚያቆም ባለ ማሽን በፎገራ ሜዳ ላይ የለም። እሱ፣ ሚስቱ ብርክቲ፣ ልጆቹ ዓመቱን የሚበሉት ደግሞ የእነዚህን የአዝመራ ወራት ሥራ ነው።

ካሰች ተነስታ መጋረጃውን ገለጠችና በመካከላቸው አልፋ ወጣች። ይሄይስ ስልኩን መነካካት ጀመረ። አያ ገሰሰ ጉሮሯቸውን ጠርገው “ካሰች፣ ሻይ ነገር የለም እንዴ?” አሉ። “ስኳር የለም” አለች። ስኳሩ ሙሉ ቆርቆሮ ሆኖ መደርደሪያው ላይ ይታያል፤ እሳቸውም አይተውታል፤ እሷም እንዳዩት አይታለች።

ግቢው እንደ ወረታ ግቢ ሁሉ ነው። ክረምት ውሃ እንዳይገባ ከቤቱ ደጃፍ ላይ ቀይ አፈር ተሞልቶ ከፍ ብሏል፤ ከታች በኩል ያለው ግን እንደ ጥንቱ ዝቅ እንዳለ ነው። መኪናዋ ላይ፣ ማሽኑ ታች ቆመዋል። ካሰች ማሽኑን ዞራ ዞራ አየችው። ትራክተሩ ሲጎትተው ማሽኑ ላይ ሰው ተቀምጦ አያውቅም፤ መቀመጥም አያስፈልገውም፤ የትራክተሩ መጎተቻ ዝቅ ያለ ስለሆነ ማሽኑ እንደ ጠረጴዛ ተስተካክሎ ነው የሚሄድ። በሞፈሩ ጫፍ ያለውን ቀለበት አየች፤ ከዚያ ቀና ብላ ከመኪናዋ ኋላ የወጣውን ጋንቾ፣ ማለት ቀለበቱ የሚጠለቅበትን መጎተቻ፣ አየች። አንዱ ጉልበቷ ጋ ነው፤ አንዱ ከጭኗ በላይ ነው። ከቤት አንድ ሳህን ውሃ አምጥታ ማሽኑ ላይ አስቀመጠች። ሩዝ የሚዘራ ሰው መሬቱ መስተካከሉን የሚያውቀው በውሃ ነው፤ ውሃው ወደ አንድ ወገን ከሸሸ ያ ወገን ጎድጉዷል። ውሃው እስኪረጋ ድረስ ከሞፈሩ ሥር ድንጋይ ደራረበችና የቀለበቱን ከፍታ በሲባጎ ለካች። ቀጥላ እዚያው ታች ቆማ፣ ከታችኛው መሬት ጀምራ፣ የመኪናዋን ጋንቾ ለካች። ሁለቱን ሲባጎዎች አጠገብ ለአጠገብ ስትይዛቸው ልዩነታቸው ክንድ ሊሞላ ምንም አልቀረው። “ልክ ሆኖ ነው የሄደው አልህ?” አለች ለራሷ። ነገ ማሽኑ እንደገና መውጣት አለበት፤ የታጨደ ሩዝ ሜዳው ላይ ተኝቷል፤ ሰማዩም ያለወሩ ጠቆር ጠቆር ይላል። በዚህ ጋንቾ ከወጣ ነገም ሌላ ሰው ለክብደት ይቀመጣል። ሲባጎዎቹን ጡቷ ሥር ሸጎጠችና ወጣች።

የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ ከሚለያይበት ቦታ መንግሥቴ የሚባል የመለዋወጫ ነጋዴ አለ። ሱቁ ከመጥበቧ የተነሳ ደንበኛ ውጭ ቆሞ ነው የሚገዛ፤ ዘይቱ፣ ጎማው፣ ቀበቶው ከጣሪያ ተንጠልጥሏል። ካሰች “ለረጅም መኪና የሚሆን፣ ወደ ታች የሚወርድ ጋንቾ” ስትለው ከላይ እስከ ታች አያት።

“ለማን ነው? ለባልሽ?”

“ባሌ ከሞተ ወዲህ መኪና መንዳት ትቷል” አለች።

መንግሥቴ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ሦስት ብረት አወጣ። አንደኛው ቀጥ ያለ ነው፤ እሱን እንኳን ልትገዛው ልታየውም አልፈለገች። ሁለተኛው ወደ ታች ይወርዳል፤ የሚወርደው ግን አራት ጣት ነው፤ ስምንት ሺህ ብር። ሦስተኛው ረጅም ነው፤ እንደተፈለገ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት ቀዳዳዎች አሉት፤ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ብር። ያን ሲያነሳው ካሰች ከእጁ ተቀበለችውና መዘነችው። እንደ ባዶ ጣሳ ቀለላት። ጫፉ ላይም ቀለበት የሚጠለቅበት ፒን ሳይሆን ኳስ የመሰለ ነገር ነው ያለው። “ይሄ እኔ ማሽን ላይ በምን ይገባል? ደግሞ ይሄን ያህል የቀለለ፣ መውቂያ ይጎትታል?” አለችው። “እቱ፣ ይሄ ለጀልባ ለምናምን ነው፤ ሰው ሲገዛው አይቼ ነው ያመጣሁት” አለ መንግሥቴ፤ ቢያንስ አልዋሸም። “የልብሽን ከፈለግሽ ባየህ ጋ ሂጂ። ቀጥቅጦም ሆነ በይዶ እሱ ይሠራዋል።”

ባየህ የብየዳ ቤቱ ከገበያው ጀርባ፣ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎቹ ገለባቸውን ከሚከምሩበት አጠገብ ነው። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ገለባው ቤቱን ይሞላዋል፤ ባየህም እያራገፈ ይሠራል። አባቱም አያቱም ማረሻ ቀጥቃጭ ነበሩ። ሰፈሩ ማረሻውንም በሩንም የሚያሠራው እሱ ጋ ነው፤ ሰርግ ሲደግስ ግን ባየህን ወይ ይረሳዋል ወይ ዳር ላይ ያስቀምጠዋል። ካሰች ይህን ታውቃለች፤ እሷም ብትሆን ባሏ የሞተ ጊዜ ባየህ ለቅሶ መጥቶ ደጅ ሲቀመጥ ግባ አላለችውም። ዛሬ ግን እንደገባች በርጩማ ስቦ አስቀመጣት። ሁለቱን ሲባጎዎች ሰጠችውና “በዚህ ልክ ወደ ታች የሚወርድ ብረት እፈልጋለሁ፤ ነገ ጠዋት እንዲደርስ” አለችው።

ባየህ ሲባጎዎቹን አስተያየና ራሱን ነቀነቀ። “እሜቴ፣ ይሄ ልክ አይደለም። የት ሆነው ነው የለኩት? ግቢዎት ውስጥ? መኪናዋ ከተሞላው አፈር ላይ ናታ፤ ማሽኑ ታች ነው። እንዲህ ከሠራሁት አስፋልት ስትወጡ ብረቱ መሬት ያርሳል። በዚህ ከተማ ሰው ሁሉ አንዱን ከሙሌቱ ላይ አንዱን ከታች አቁሞ ይለካና እኔን ይሰድበኛል። አስፋልት ላይ አቁመው፣ ጭነቱንም ጭነው፣ ያን ጊዜ ነው የሚለካ። የዚች መኪና ደግሞ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ነው፤ ምን...” ብሎ ድንገት አቆመ።

ካሰች ቀና አለች። “የዚች መኪና? የማን መኪና እንደሆነ ነገርሁህ?”

ባየህ ዓይኑን ከዓይኗ አሸሸ። መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ውጭ ባጃጅ ጡሩንባዋን ነፍታ አለፈች። ካሰች አልተነሳችም። ዝም ብላ ጉልበቷን አቅፋ ተቀመጠች፤ ሰው ሲደብቃት እንዲህ ነው የምታደርገው፤ ደባቂው እስኪደክመው ድረስ ትቀመጣለች። በመጨረሻ ባየህ ደከመው።

“ለወንድምዎት ሠርቼለታለሁ” አለ። “ከማሽኑ ጉዞ በፊት በነበረው ቅዳሜ። ራሱ መጥቶ አሠራ። ወፍራም ብረት ነው፣ በሁለት በኩል የደገፍሁት። ያለሱ ማሽኑ አፍንጫውን ያነሳል፣ ዥዋዥዌ ይጫወታል ብዬ ነግሬዋለሁ፤ እሱም ገብቶታል። ግን እሜቴ፣ በእግዜር፣ እኔን እዚያ ሸንጎ አያስገቡኝ። የቀጥቃጭ ልጅ በሰው ዘመድ መካከል ገባ ይሉኛል። ምስክርነቴንስ ማን ይቀበለዋል?”

“አላስገባህም” አለች ካሰች። ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። በሩ ላይ ዞር ብላ “ባየህ፣ ያን ጊዜ ለቅሶ ስትመጣ ውጭ ነበር የተቀመጥህ” አለችው። ባየህ ግራ ገባው። እሷ ግን ሄደች።

መንገዱን በእግሯ ነው የተመለሰች። ባጃጆቹ “እናት፣ ልውሰድዎት” እያሉ ሲያልፉ አትሰማቸውም። ወንድሟ ቸልተኛ ነው ብላ ቢሆን ኖሮ ትንሽ ይቀላት ነበር። ሳያውቅ ነው፣ ተቻኩሎ ነው ትል ነበር፤ ለሽማግሌዎቹም እንደዚያ ልትል አስባ ነበር የወጣች። እናታቸው ስትሞት ይሄይስ ጥርሱን አልነቀለም ነበር፤ በጀርባዋ አዝላ ነው አረም ያረመች። ትኩሳት ሲይዘው ጣራ ገዳም ድረስ ተሸክማው ወጥታ ጠበል ያስጠመቀች እሷ ናት። ልብሱ ቢቆሽሽ የሚያለቅስ ልጅ ነበር። አሁንም ያው ነው፣ መኪናዋን በጠዋትና በማታ ያጥባታል። ያን እያሰበች ስትሄድ ንዴቷ እየበረደ ሳይሆን እየፈላ ነው ግቢዋ የደረሰችው።

ሳሎን ውስጥ ይሄይስና አያ ገሰሰ ምሳ ቀርቦላቸው ይበላሉ፤ ያቀረበችው የጎረቤት ልጅ ናት። የመኪናው ቁልፍ ከውሃው ጆግ አጠገብ ነው። ካሰች አነሳችው።

“ወዴት እታለም?” አለ ይሄይስ ጉርሻውን ይዞ።

“ባዶ ጆንያዎቼ አንተ መኪና ውስጥ ናቸው።”

“ቆይ እኔ...”

“ብላ አንተ። ሽማግሌ ሲቀመጥ ሆድህ ይጮሃል።”

የመኪናዋን የኋላ በር ከፈተች። ጆንያዎቹን አወጣች። ምንጣፉን ገለበጠች። ከትርፍ ጎማው ሥር በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ነገር አለ። በአንድ እጅ አልነሳ አላት፤ የመንግሥቴ ብረት ዓይነት አይደለም ይሄኛው። ጥቁር ቀለሙ ገና ያበራል፤ አንድም ቦታ አልተጫረም። ቡሎኖቹ እንኳ በወረቀት እንደተጠቀለሉ ናቸው። በስንዝሯ ለካችው፤ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት። ካሰች ብረቱን እንዳቀፈች እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። መልሳ ከምንጣፉ ሥር ብታስገባው ማንም አያውቅም፤ ባየህ አይናገርም። ወንድም ደግሞ ያላት እሱ ብቻ ነው። ትንሽ ቆይታ ተነሳችና ከረጢቱን ከማሽኑ ኋላ ከጭዱ ውስጥ ከተተችው። ቁልፉን መልሳ ጆጉ አጠገብ አስቀመጠች።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መምሬ ወልደ ሥላሴ መስቀላቸውን ይዘው መጡ፤ ቀጥሎም አለኸኝ የሚባሉት የዕድሩ ዳኛ። እንግዳውን ባጃጅ አመጣው። እግሩ እስከ ጉልበቱ ጀሶ ነው። ብርክቲ ደግፋ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችውና ከኋላው ቆመች። ፊቷ አልቅሶ የጨረሰ ሰው ፊት ነው። መምሬ ጸሎት አድርሰው “እስቲ ተናገሩ” አሉ። እንግዳው ያለውን አለ። ይሄይስ ተነሳ፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል።

“መምሬ፣ እኔ የምለው አንድ ነው። ማሽኑ ልክ ሆኖ ነው የሄደው፤ ሰው የሚያስቀምጥ ነገር የለውም። እንግዳው ወንድሜ ነው፣ አልጠላውም። ግን ያን ቀን...” ወደ አያ ገሰሰ ሰረቅ አድርጎ አየ፤ “ያን ቀን ጠጥቶ ነበር።”

“እኔ?” አለ እንግዳው። “የመድኃኔ ዓለም ያለህ! በፆም?”

“ፆም የሚጾም መች ጠፋ፣ ጠላውንም የሚጾም ስንቱ ነው?” አሉ አያ ገሰሰ። አለኸኝ ፈገግ አሉ። ብርክቲ ከባሏ ኋላ ሆና አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው።

ካሰች ዳር ቆማ ነበር። “መምሬ፣ ይፍቱኝ፤ አንድ ነገር ልጠይቅ” አለች። “ማሽኑ ነገ ይወጣል። ልክ ከሆነ ይሄይስ አሁን ይግጠመው፤ እናንተም እዩት፣ ከዚያ ትፈርዳላችሁ።”

አያ ገሰሰ “ምን የማሽን ገበያ አደረግሽው!” ብለው ነበር፤ መምሬ ግን “ምን ይጎዳል?” አሉ። ይሄይስ እምቢ የሚልበት መንገድ አጣ። መኪናዋን አውርዶ ከማሽኑ ጋር እኩል መሬት ላይ አቆመ። አለኸኝና የባጃጁ ሾፌር ሞፈሩን ተሸክመው፣ “ኧረ ከፍ! ኧረ ጨምር!” እየተባባሉ ቀለበቱን ጋንቾው ላይ አጠለቁት። ማሽኑ አፍንጫውን ሰማይ ላይ ሰቅሎ ቂጡን መሬት አስቀመጠ፤ ጭድ የሚተፋበት ቆርቆሮ አፈር ነካ። ካሰች ሳህኗን አምጥታ ማሽኑ ላይ አኖረችና ከጆጉ ውሃ ቀዳችበት። ውሃው በአንድ ወገን ፈስሶ የመምሬን ጫማ አራሰው።

“ልክ ነው ያልኸው ይሄን ነው?”

“ቀስ ብለው ከነዱት ምንም አይልም” አለ ይሄይስ። ጆሮው ቀልቷል።

ካሰች ወደ ጭዱ ሄደች፤ ከረጢቱን ጎትታ አመጣችና በሽማግሌዎቹ መካከል ገለበጠችው። ብረቱ ድንጋይ ላይ ወድቆ ጮኸ።

“ከየት አመጣሽው?” አለ ይሄይስ።

ምን እንደሆነ አልጠየቀም። የማን እንደሆነም አልጠየቀም። መምሬ ቀና ብለው አዩት። እሱም የተናገረው ገባውና መለስ ለማድረግ ቸኮለ፦ “እሱ እኮ ረግረግ ላይ አይሆንም፤ ዝቅ ይልና መሬት ይይዛል። መኪናዋን ጭቃ ውስጥ ያስቀርብኛል። የርብን ዳር መንገድ ታውቂው የለ እታለም?”

“አውቀዋለሁ። ብረቱ ጭቃ እንዳይነካብህ እንግዳውን አስቀመጥህበት።”

እንግዳው ጀሶውን ያያል። አያ ገሰሰ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ አንዱ አዛወሩና “እሺ ይሁን!” አሉ። “ለክብደት ቢቀመጥስ? አገር ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ እኛም በጋሪ ስንት ጊዜ ተቀምጠናል! አለመውደቅ የሰውየው ነው። ያልሰከረ ሰው አይወድቅም።”

ካሰች ይህን ነበር የጠበቀች አይባልም፤ ግን ሲመጣ አልሳተችውም።

“እርስዎ እውነት ብለዋል አያ ገሰሰ። እንግዲያ ያልሰከረ ሰው ይቀመጥበት። ይሄይስ፣ ዛሬ ጠጥተሃል?”

“አልጠጣሁም።”

“ቁልፉን ለሾፌሩ ስጠውና ውጣ። እስከ ርብ አልልህም። እስከ አስፋልቱ ድረስ።”

የባጃጁ ሾፌር ሊስቅ ብሎ ሰው ሁሉ እንዳልሳቀ ሲያይ አቆመ። ይሄይስ ወደ አያ ገሰሰ አየ፤ አያ ገሰሰ ወደ መሬት አዩ። ወደ ማሽኑ ጠጋ አለና እጁን ሞፈሩ ላይ አኖረ። ሞፈሩ እንደ አህያ ጀርባ ወደ ኋላ ዘቅዝቋል፤ ከሥሩ ጎማው አለ፣ ጥርሱ ገና በርብ ጭቃ እንደተሞላ። ይሄይስ እጁን አነሳና መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገው።

“እታለም” አለ ቀስ ብሎ፣ እሷ ብቻ እንድትሰማው። “በሰው ፊት?”

“አዎ” አለች እሷ ግን ጮክ ብላ። “በሰው ፊት።”

“ልጄ ካሰች፣ ገብቶናል፤ ይበቃል” አሉ መምሬ።

“አልበቃም መምሬ። ሰክሮ ነበር የተባለውም በሰው ፊት ነው።”

ብርክቲ ከባሏ ኋላ ወጥታ ብረቱ አጠገብ መጣች፤ ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካችው። የመሃረቧን ጫፍ ምራቅ አስነክታ፣ አቧራ ያቆሸሸውን ጥቁር ቀለም ጠረገችው፣ እንደ ዕቃዋ። ከዚያ ቀና ብላ ይሄይስን አየችው። እሱም ከሞፈሩ አጠገብ ቆሟል፤ አልወጣም፣ አልሄደም፣ አልተቀመጠም።